ጉብታ፣ መብራት፣ ድልድይ ወይስ የእግረኛ መንገድ? ለጎጃም ከተሞች የመንገድ ደኅንነት ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ከአባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የገባ ከባድ መኪና ባሕር ዳር እስኪደርስ ሉማሜን፣ ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ለሾፌሩ ይህ አንድ ረጅም አውራ ጎዳና ነው። ለነዋሪው ግን ልጁ ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚሻገረው፣ ገበሬው አህያውን እየነዳ ገበያ የሚገባበት፣ ለቀስተኛው ከቀብር የሚመለስበት የሰፈር መንገድ ነው። ሰው የሚሞትብን ሁለቱ ኑሮዎች በአንድ አስፋልት ላይ ስለተደራረቡ ነው።

ይህን የጻፍኩት የከተማ አስተዳደሩ «ለመንገድ ደኅንነት በጀት ይዘናል፤ ምን እንሥራ?» ብሎ ሲሰበስባቸው አስተያየት መስጠት ለሚገባቸው ሰዎች ነው፤ ለምክር ቤት አባላት፣ ለወላጅ ኮሚቴዎች፣ ለዕድር ሰብሳቢዎች፣ ለባጃጅ ማኅበራት። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው የትራፊክ መብራት ነው፤ ቀጥሎ የእግረኛ ድልድይ። ሁለቱም ከሩቅ ይታያሉ፣ ለምረቃም ያምራሉ። እኔ ግን አብዛኞቹ የጎጃም ከተሞች ከሁለቱም መጀመር የለባቸውም እላለሁ፤ ምክንያቴን አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

ለማነጻጸር የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ምሳ ሲሄድ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድ፣ የተሠራው ነገር ሾፌሩን አሁንም ያዘገየዋል ወይ? እግረኛውንስ ከአስፋልቱ ያወጣዋል ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ ሥራው ረዳት ሊሆን ይችላል እንጂ ዋና ሊሆን አይችልም።

ሁሉም ነገር ከፍጥነት ይጀምራል

በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና፣ ሾፌሩ ልጅ ባየ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ፍሬን ቢይዝ፣ 13 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በ50 የሚሄደው በዚያችው አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ልጁ በሰላም በሚሻገርበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ ልጁን የሚመታው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን፣ መኪናውም አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲሆን ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ እንደሚጨምር ያስቀምጣል። ይኸው ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች መሆናቸውን ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉም በላይ የሚገድለው ይህ ነው። ስዊድን በ1990 ዓ.ም. በፓርላማዋ ያጸደቀችው አቋምም በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ሰው ይሳሳታል፤ መንገድ የሚሠራ ሁሉ ስህተቱ ሞት እንዳያስከትል አድርጎ መሥራት አለበት። ሕፃን ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቅጣቱ ሞት እንዲሆን የሚያደርግ መንገድ ጥፋተኛው ራሱ መንገዱ ነው።

ምልክት፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ጉብታ ወይስ ከፍ ያለ ዜብራ?

«30» የሚል ሰሌዳ መትከል ርካሽ ነው፤ ብቻውን ግን ከመለኪያዬ አያልፍም። ትራፊክ ፖሊስ በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ብዙ ሕይወት ያተርፋል፤ ሆኖም በአንድ ቦታ ሲቆም ሌላውን ባዶ ይተዋል፣ ማታም ወደ ቤቱ ይገባል።

ጉብታ ግን ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነው። ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ምሳሌ ከጋና የመጣ ነው። ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሱሁም መገንጠያ አስፋልቱ ላይ የሚያንገጫግጩ መስመሮች ሲሠሩ፣ የአደጋው ቁጥር በ35 በመቶ ገደማ፣ የሟቾች ቁጥር ደግሞ በ55 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያም እንደ እኛው በከባድ መኪና የሚሰነጠቅ የመንገድ ዳር ሰፈር ነው።

ነገር ግን ጉብታ ሁሉ አንድ አይደለም። ልጅ ከተገጨ በኋላ የሰፈር ሰው በኀዘንና በቁጣ አፈርና ድንጋይ ደልድሎ የሚሠራውን ጉብታ ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ፤ ሆኖም አጭርና ሹል ስለሆነ የሚኒባስ ተሳፋሪን ወገብ ይሰብራል፣ በሌሊት ሞተረኛን ይጥላል፣ ነፍሰ ጡር የጫነ አምቡላንስንም ያሠቃያል። በትክክል የተሠራ ጉብታ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አናቱ ክብ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ቀድሞ ምልክት ይተከልለታል። በተከታታይ፣ ከ100 ሜትር ብዙም ሳይራራቅ ካልተሠራ ደግሞ ሾፌሩ አንዱን እንዳለፈ ነዳጅ ይረግጣል፤ አንድ ለብቻው የተሠራ ጉብታ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ለጥቂት ሜትር ብቻ ነው።

ከሁሉም የምመርጠው ከፍ ያለውን ዜብራ ነው። ይህ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍታ ያለው መሻገሪያ ነው። ሾፌሩ ለመውጣት መዘግየት ግድ ይሆንበታል፤ ተሻጋሪው ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ሕፃን እንኳ ከሩቅ ይለያል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ደረጃ አያጋጥመውም። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር ይህ ዓይነቱ መሻገሪያ በእግረኛ ላይ የሚደርስ አደጋን እስከ 45 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ጉዳቱ በውሃ በኩል ነው። የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ ከፍ ያለው ዜብራ በዳርና በዳር የውሃ መተላለፊያ ካልተተወለት መንገዱን ኩሬ ያደርገዋል፣ ከሁለት ክረምት በኋላም አስፋልቱ ይቦረቦራል። በስብሰባው ላይ መሐንዲሱን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን።

የትራፊክ መብራት ወይስ አደባባይ?

አራት መንገድ በሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ ላይ መኪኖች የሚጋጩባቸው ነጥቦች 32 ናቸው። ያው ቦታ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ሲሆን ወደ 8 ይወርዳሉ። ከቁጥሩ ይልቅ ዓይነቱ ይበልጣል፤ በአደባባይ መኪኖች ጎን ለጎን ይነካካሉ እንጂ ፊት ለፊት ወይም በጎን በሙሉ ኃይል አይገጫጩም፣ ሁሉም እየዞረ ስለሚገባም ፍጥነቱ ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ አደባባዩ አይጠፋም። መለዋወጫም አያስመጣም።

የትራፊክ መብራት ሲበላሽ ያለው ሁኔታ ከነጭራሹ ካልነበረበት የከፋ ነው፤ «አረንጓዴ ነበረኝ» የሚል ሾፌርና «ቀይ ነበረበት» የሚል እግረኛ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለእንጅባራ የምመርጠው ያለማመንታት አደባባይን ነው። ግን ትንሽና ጠባብ መግቢያ ያለው ይሁን። ግዙፍ አደባባይ ሠርቶ ሦስት መኪና ጎን ለጎን እንዲገባ ማድረግ ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ እግረኛውም የት እንደሚሻገር አያውቅም። ዜብራው ከመግቢያው አንድ የመኪና ርዝመት ያህል ወደ ኋላ መራቅ አለበት፤ የባጃጅና የጋሪ መቆሚያም ከአደባባዩ ፈንጠር ብሎ ይደልደል። ተሳፋሪ ለመጫን አደባባይ አፍ ላይ የቆሙ አምስት ባጃጆች እግረኛውን ከሾፌሩ ዓይን ይሰውሩታልና።

መብራት የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አልልም። ባሕር ዳር ውስጥ በየአቅጣጫው ሁለትና ሦስት ረድፍ ባላቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ተገቢ ነው። እዚያም ቢሆን ለእግረኛ የሚሰጠውን ሰከንድ ቆማችሁ ቁጠሩ። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ጎልማሳ በ12 ሰከንድ ገደማ ይሻገራል፤ ምርኩዝ የያዙ አባት ግን 17 ወይም 18 ሰከንድ ይፈልጋሉ። መብራቱ ለእሳቸው ካልበቃ ለከተማው በቃ ማለት አይቻልም።

የእግረኛ ድልድይ

በዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም። ከባድ መኪና እንዲያሳልፍ ከተባለ ድልድዩ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። በጀርባዋ ልጅ ያዘለች፣ በእጇ ዘንቢል የያዘች እናት ያን ያህል ደረጃ ወጥታ አትወርድም፤ ጭነት የያዘች አህያ ጨርሶ አትወጣም። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ድልድዩን ከራሱ በላይ እያየ አጥር ዘልሎ የሚሻገረው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ረጅሙ መንገድ የተሰጠው ለእግረኛው፣ አጭሩ ደግሞ ሞተር ላለው ስለሆነ ነው።

በምትኩ መሀል መንገድ ላይ የእግረኛ ማረፊያ ደሴት መሥራት ይሻላል። ተሻጋሪው በአንድ ጊዜ የሚያየው ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ ይሆናል፤ ግማሹን ተሻግሮ ያርፍና ቀሪውን ይሻገራል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ለዚህ የሚሰጠው ግምት እስከ 56 በመቶ የሚደርስ ቅነሳ ነው። በአንድ ድልድይ ዋጋ ከተማዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደሴቶች ሊሠሩላት ይችላል። ደሴቱ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፤ ከዚያ ካነሰ ብስክሌት የያዘ ሰው ወይም ሕፃን ያቀፈች እናት ከጠርዙ ውጪ ትቀራለች።

የእግረኛ መንገድ፦ ትልቁ ጉዳይ

አብዛኛው የከተሞቻችን ሰው የሚሄደው በእግሩ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት አንድ ሥራ ብቻ ይሠራ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። በመንገድ ዳር እየሄደ የሚገጭን ሰው ቁጥር የእግረኛ መንገድ መኖሩ ከ65 እስከ 89 በመቶ እንደሚቀንስ የአሜሪካው አስተዳደር ይገልጻል፤ ካነበብኳቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

በወረቀት ላይ ግን የእግረኛ መንገድ በየከተማው አለ። በተግባር ምን ይገጥመናል? ክዳኑ የተሰበረ ወይም ጭራሽ ያልተከደነ የጎርፍ ቦይ፤ ለሚሠራ ፎቅ የተደፋ አሸዋና ጠጠር፤ ከሱቅ ወጥቶ የተደረደረ ባልዲና ፍራሽ፤ የቆመ መኪና፤ መሀሉ ላይ የተተከለ የመብራት ምሰሶ። እግረኛው ይህን ሁሉ ሲሸሽ የሚገባው አስፋልት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ «እግረኞቻችን መንገድ አጠቃቀም አያውቁም» እየተባለ ሲወቀስ ስሰማ በጣም ያመኛል። መሄጃ ያልሰጠነውን ሰው በመሄዱ አንክሰሰው።

እዚህ ላይ ያለው ምርጫ በሦስት መንገዶች መካከል ነው። አንደኛው አስፋልቱን አስፍቶ እግረኛውን ለጠበበው ዳር መተው ነው፤ ይህ ለመኪና ፍጥነት የሚደረግ ሥራ ስለሆነ በደኅንነት በጀት መሠራት የለበትም። ሁለተኛው በኮሪደር ልማት ዓይነት ከአጥር እስከ አጥር አፍርሶ አዲስ መሥራት ነው። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ዛፍ ይዞ ይመጣል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ ቤትና ሱቅ ይነካል፣ ብዙ ጊዜም ዋናውን ጎዳና ብቻ አስውቦ ትምህርት ቤቱ ያለበትን የውስጥ መንገድ ይተወዋል።

ሦስተኛው ያለውን ቦይ በኮንክሪት ሰሌዳ ከድኖ፣ ክፍተቱን በኮብልስቶን ሞልቶ ቢያንስ ሁለት ሜትር ነፃ መሄጃ ማውጣት ነው። እኔ የምደግፈው ይህን ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው ይገኛል፣ ሥራው በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች እንጀራ ይሆናል፣ ውሃውም ሆነ እግረኛው በአንድ ወጪ ቦታ ያገኛሉ። ሰሌዳዎቹ ቦይ ለመጥረግ መነሳት ስላለባቸው እጅግ ከባድ እንዳይሆኑ፣ እንዳይሰበሩም በቂ ብረት እንዲኖራቸው መከታተል ግድ ነው።

የጉሊት ሻጮችን ጉዳይ ብዙዎች በማባረር ሊፈቱት ይፈልጋሉ። አልስማማም። ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጠው ሴት የምትቀመጠው ሰው በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ብትባረር ነገ ትመለሳለች፤ ምናልባትም ወደ አስፋልቱ ይበልጥ ተጠግታ። ከሁለቱ ሜትር ነፃ መሄጃ ውጪ አንድ ሜትር ተኩል ቦታ መስመር ተሰምሮ ቢሰጣት እሷም ትሸጣለች፣ መንገደኛውም ያልፋል። በአንጻሩ አሸዋ ለሚደፋው ባለፎቅ ምሕረት አያስፈልግም።

ብስክሌትና ጋሪ

ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፤ ብስክሌት የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው። እዚያ የብስክሌት መንገድ ዋና ሥራ ሊሆን ይገባል። በቀለም የተሰመረ ይሁን ወይስ በጠርዝ የተለየ? ቀለም የተቀባው መስመር በሳምንቱ የሚኒባስ ማቆሚያ ይሆናል። በጠርዝ የተለየው ይከበራል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የራሳቸውን መስመር ይዞ ተሠርቷል፤ ትልቁ ሥራ ከድልድዩ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ገበያው የሚያደርስ ያልተቋረጠ መስመር ማድረግ ነው።

እንደ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ባሉት ከተሞች ደግሞ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ አሁንም ሰውና እህል ያመላልሳል። ጋሪውን ከከተማ ማስወጣት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ግን የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ነው፣ ገበሬውም ሌላ ርካሽ ማጓጓዣ የለውም። በከተማው መግቢያና መውጫ ላይ ከአስፋልቱ ዳር 2.5 ሜትር ያህል የተደለደለ ጠጠር ትከሻ መሥራት ለጋሪ፣ ለአህያና ለብስክሌት በአንድነት ይበቃል። በጋሪው ኋላ አንጸባራቂ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ማድረግም ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። ጨለማ ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪ ከኋላው ለሚመጣ መኪና አይታይም።

ከባድ መኪናን ከከተማ ውጪ ማሳለፍ

ማለፊያ መንገድ ይሠራልን የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ጭነት መኪና ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የሚሠራው ነገር የለም። ሆኖም ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማለፊያ መንገድ ከጥናት እስከ ግንባታ ዓመታት ይፈጃል፤ «ማለፊያው ሲሠራ ይቃለላል» ተብሎ የዛሬው መሻገሪያ መተው የለበትም። ሁለተኛ፣ ዳርና ዳሩ ካልተጠበቀ ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታውና መኖሪያው ተከትሎት ይሄዳል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያው አደጋ በአዲስ አድራሻ ይገኛል። መሬቱን ዛሬ አስከብሩ፤ ገንዘቡን ግን ዛሬ ሰው ወደሚሞትበት አውሉ።

የመንገድ መብራት

አጭር ነው፦ ሁሉንም ጎዳና ከማብራት መጀመሪያ መሻገሪያዎችን አብሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኪዳን ለማድረስ የሚወጡ እናቶች ነጠላቸው ነጭ ቢሆንም በጉም ውስጥ አይታዩም። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ መግቢያ፣ በመናኸሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ በር ፊት ያለው ዜብራ በሶላር መብራት እንኳ ቢበራ ለውጡ ትልቅ ነው።

በኪሳችሁ መጠን

በጀቱ ለቀለምና ለሰሌዳ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በአንድ የተመረጠ መስቀለኛ ላይ በቀለምና በኮን ጠርዙን አጥብቡ፣ የመሻገሪያውን ርዝመት አሳጥሩ፤ አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ ላይ ይህንኑ በጊዜያዊ ቁሳቁስ ሞክራለች። ካልሠራ ይነሳል፣ ከሠራ በኮንክሪት ይጸናል። ቀለሙ ግን ከመስቀል በፊት እንዳይቀባ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ይሁን።

ትንሽ ከፍ ካለ፣ አንድ ትምህርት ቤት ምረጡና ከበሩ በሁለቱም አቅጣጫ 200 ሜትር ያህሉን ሙሉ በሙሉ ጨርሱት፦ ከፍ ያለ ዜብራ፣ የተከደነ ቦይ፣ የ30 ሰሌዳ፣ ከበሩ ራቅ ያለ የባጃጅ መቆሚያ። አንድን ቦታ ጨርሶ መሥራት በዐሥር ቦታ አንዳንድ ጉብታ ከመበተን የተሻለ ነው፤ የቀረው ሰፈርም አይቶ ይጠይቃል።

በቂ ገንዘብ ካለ፣ ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ከዚያ የተከታታይ መሻገሪያዎችና ደሴቶች፣ ከዚያ ትንንሽ አደባባዮች፣ ከዚያ የመንገድ መብራት ይሁን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለው ዋናው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው፤ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር እንጂ ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ጉብታም ሆነ ደሴት እዚያ ላይ ለመሥራት ስምምነቱ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ጥቅምት ላይ ከተጻፈ በበጋው ለመሥራት ጊዜ ይኖራል፤ ጥር ላይ ከተጻፈ ግን ሥራው ክረምት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከደብዳቤው ጋር ካለፉት ሦስት ዓመታት የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ የአደጋ ቦታዎቹን በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስፍራችሁ፣ የትምህርት ቤቶቹን ርእሳነ መምህራንና የጤና ጣቢያውን ፊርማ አያይዛችሁ ላኩት።